ከበሮ ይዘፍናል እንዴ?

አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ የባጃጅ ጋራዥ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ሙዚቃ አቀናብራለሁ። ክፍሏ ስቱዲዮ የተባለችው እኔ ስላልኳት ብቻ ነው። ግድግዳዋ ላይ ስፖንጅ ለጥፌያለሁ። ስፖንጁ የጋራዡን ጩኸት አያስቀርም፤ ሙቀቱን ግን አንድም ሳያባክን ይዞ ያቆይልኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ የሰርግ ዘፋኝ ወደዚህችው ምድጃ መጡ። በአርባዎቹ ውስጥ ናቸው። ድምፃቸው የምር ያምራል፤ ይህንንም ከማንም ቀድመው የሚመሰክሩት ራሳቸው ናቸው። ላንጋኖ ያለ አንድ ሆቴል ለበዓል ጠርቷቸው ስለነበር፣ እዚያ የሚዘፍኑት አዲስ ሥራ ፈልገዋል። ዘፈኑ ሞጆ ላይ መኪናውን አቁሞ ፍቅረኛውን ስለሚጠብቅ ሹፌር ነው። ከስልካቸው አንድ የውጭ ዘፈን ከፈቱና፣

"ይሄን ከበሮ ነው የምፈልገው። ራሱን!" አሉኝ።

ከበሮውን ፈልጌ አገኘሁት። ግን ከእሳቸው ዘፈን ጋር አልገጠመም። እንዲህ ዓይነቱ ከበሮ ዱም ብሎ ዝም አይልም፤ ከኋላው እንደ ቤዝ የሚጎተት ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ደግሞ ኖታ ነው፤ ከዘፈኑ ጋር ወይ ይስማማል ወይ ይጣላል። የእኛው ከዘፈኑ መነሻ ኖታ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ቁጭ ብሏል። ሁለት ሰው ለአንድ ወንበር ሲገፋፋ እንደማለት ነው።

"ጋሼ፣ ከበሮውን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ከዘፈኑ ጋር ልቃኘው" አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ከበሮ ይመታል እንጂ ይዘፍናል እንዴ? ዘፋኙ እኔ ነኝ።"

እንዲህ ያለ ጥልቅ የሙያ ማብራሪያ ከተሰጠኝ በኋላ ከበሮውን እንዳለ ተውኩት። በእኔ ትንንሽ ስፒከሮች ጠቡ እምብዛም አይሰማም ነበር።

የላንጋኖው ሆቴል ስፒከሮች ግን ቁም ሳጥን ያክላሉ። ዘፋኙ ነጭ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ!" ብለው ሕዝቡን አስጨበጨቡ። አብሬያቸው ሄጄ ስለነበር ከበሮውን ከላፕቶፔ ለቀቅኩት። ገና በመጀመሪያው ስንኝ ድምፃቸው ወደ ከበሮው መንሸራተት ጀመረ፤ ኪቦርዱ ደግሞ ቦታውን አለቅም አለ። ሹፌሩ ሞጆ፣ ፍቅረኛው ሻሸመኔ ሆኑ። ፊት ያሉት እንግዶች ዓሣቸውን መብላት አቆሙ።

ዘፋኙ ሙዚቃውን አስቆሙና ጥፋተኛ ፍለጋ ገቡ። መጀመሪያ ኪቦርድ ተጫዋቹን ገላመጡት። ቀጥሎ ከሐይቁ የሚመጣውን ነፋስ ወቀሱ። በመጨረሻ ወንጀለኛው ተገኘ።

"ማይኩን ቀይሩልኝ!"

ሌላ ማይክ እስኪመጣ ውሃ ሲጠጡ፣ እኔ መድረኩ ጥግ ላፕቶፔ ላይ ጎንበስ ብዬ ከበሮውን ግማሽ ድምፅ አወረድኩት። ቢያዩኝ ኖሮ በእግሬ ነበር አዳማ የምገባው።

እንደገና ጀመሩ። አሁን ከበሮው ከድምፃቸው ስር ገብቶ ተሸከማቸው። ቀልዱን ልተወውና፣ እኔን ራሴን ውርር አደረገኝ። እንግዶቹ ተነስተው ይጨፍሩ ጀመር። ዘፋኙ በዘፈኑ መሃል ወደ እኔ ዞሩ፤ አዲሱን ማይክ ከፍ አድርገው እያሳዩኝ፣

"አየህ? ማይኩ ነበር!" አሉኝ።

"እውነትዎን ነው ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ።

ዕቃ ስንጭን የዘፋኙ ባለቤት ወደ እኔ መጡ። አብረውን ከአዳማ መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነበር።

"ማይኩ አይደለም፣ አይደል?" አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው።

"አይደለም። ከበሮውን ነው ዝቅ ያደረግኩት።"

አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። "ተወው፣ እንዳትነግረው። እኔም ስንቱን ዝቅ እያደረግኩለት ነው የኖርነው።"

ዘፋኙ እንደዚያው ዓይነት ማይክ ገዙ። አሁን ምክር ለሚጠይቃቸው የአዳማ ዘፋኝ ሁሉ፣ የሙዚቃ ምስጢር ማይክ እንደሆነ ያስረዳሉ። ሰሞኑን ለሁለተኛው ዘፈን ሌላ ከበሮ መርጠው መጥተው ነበር። "ግሩም ምርጫ ነው" አልኳቸው። በሩን ዘግተው ሲወጡ ቃኘሁት።