አልጋ ልብሱን የያዘችው

የመጀመሪያዋ ካሜራዬ ጥቁር ፕላስቲክ ነበረች። በአዲስ አበባ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ የነበረ አጎቴ ነው ያመጣልኝ። ጀርባዋ ላይ ጥርስ ያላት ትንሽ ጎማ አለች፤ አንድ ፎቶ ካነሳሁ በኋላ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ ፊልሙን ወደፊት አዞረዋለሁ። ክርር፣ ክርር ትላለች። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ዛሬ ስልኬ ውስጥ ያለው የማኪያቶ ፎቶ ብቻ በዚያን ጊዜ ለአንድ ሰርግ ከሚነሳው ይበልጣል፤ አንዱንም ግን መልሼ አይቼው አላውቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ያነሳሁትን ማየት አለመቻሌ ነበር። ያደግሁት አማኑኤል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቅ የመንገድ ዳር ከተማ። እዚያ አንድ ፊልም ለጥምቀት ተጀምሮ ለፋሲካ ቢያልቅ ፈጠነ ይባላል። ሲያልቅ ደግሞ እንዲታጠብ ደብረ ማርቆስ ካለው ፎቶ ቤት ይላካል። እስኪመለስ ድረስ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ቸኩለው ካሜራቸውን ከፍተው ያዩ ነበሩ፤ ብርሃን ይገባና ሁሉም ይቃጠላል። እኔ ማን እንደሚያወራ ለማየት የአባቴን ራዲዮ የፈታሁ ልጅ ነኝ። ካሜራዋን ግን አንድም ቀን አልከፈትኩም። በሕይወቴ ያሳየሁት ትልቁ ትዕግሥት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ ሰፈር ፎቶ መነሳት ቀልድ አልነበረም። ሰው ታጥቦ፣ ፀጉሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ነው የሚቀርበው። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ግቢ እንወጣለን። ግቢው ደግሞ ጉዱ ብዙ ነው፤ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ፣ የተከመረ ኩበት፣ ጎኑ ያዘመመ የዶሮ ቤት። ይህ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ገብቶ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ እንዴት ይላካል? ስለዚህ እናቴ ሁለት ጣዎስ የተሳለበትን አልጋ ልብሷን ታወጣለች። ግድግዳው ላይ ሚስማር ቢመታ ጭቃው ይረግፋል፤ ገመድ ላይ ቢሰቀል ነፋሱ ያርገበግበዋል። ያለው ዘዴ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ወጥሮ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ያዦቹ ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ከጨርቁ ኋላ ይሸሸጋሉ።

በአንደኛው በኩል የተገኘ ሰው ይይዛል። በሌላው በኩል ግን ሁልጊዜ ታላቅ እህቴ ናት። ቁመቷ ረዘም ያለ ነበር፤ ከዚያም በላይ ሥራውን ትወደው ነበር። ከጨርቁ ኋላ አንገቷን ብቅ እያደረገች፣ «ነጠላዎ ተንሸራቷል»፣ «ቀና ይበሉ እንጂ፣ ምነው ተጣልተው የመጡ መሰሉ» እያለች ሰውን ታስተካክላለች፤ እኔ ልጫን ስል ተመልሳ ትደበቃለች። ካሜራዋን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ብንጠራራም አለቃዋ እሷ ነበረች። አንቺስ መቼ ነው የምትነሺው ስትባል፣ «እኔማ ሹሩባ ስሠራ» ትላለች። ሹሩባ ስትሠራ ፊልም የለም፤ ፊልም ሲገኝ ሹሩባዋ ፈርሷል።

ያኔ ፎቶ ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ቋጥሮ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንድ ለየት ያለ አለ፤ እሱም የእናቴ ነው። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯን አጥብቃ ገጥማዋለች፤ ነገር ግን የአፏ ጫፍ አምልጧታል፤ ሳቅ እንደያዛት ያስታውቃል። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ምን አስቆሽ ነው ብዬ ስንቴ ጠይቄያታለሁ። «እኔ እንጃ» ትለኛለች።

እህቴ ሃያ ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላት ታማ፣ በአጭር ጊዜ ሞተች። ጉርድ ፎቶ የሚያስነሳ ጉዳይ ሳይገጥማት ነው የሄደችው። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይያዛል፤ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። ለእህቴ የሚያዝ ፎቶ ጠፋ። የነበሩንን ፎቶዎች በሙሉ አገላብጠን ፈለግን፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አለ፣ እሷ የለችም። በመጨረሻ አክስቴ የእህቴን ቀሚስ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ወጣች። እናቴ ያንን ቀን ስታነሳ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ልጄን ያለ ፊት ሸኘኋት።»

አሁን እናቴ አርጅታለች፤ ዓይኗም እየደከመ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ አማኑኤል እየሄድኩ አያታለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደጋግማ የምትነግረኝ ሌላ ሆኗል። «መልኳ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ዓይኔን ጨፍኜ ላመጣት እሞክራለሁ። ድምጿ ይመጣል፤ ፊቷ አልመጣ አለኝ።» መልኳን ልነግራት ብዬ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ ጋም የቀረው ድምፅና ቁመት ብቻ ነበር።

ፀሐይ በጨረቃ ትጋረዳለች በተባለበት ቀን እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ተጣራች። «ያ የፎቶ ፊልማችሁ የለም? ፀሐይዋን እንይበት እንጂ!» ድሮም ፀሐይ ስትጋረድ ሰፈሩ ኔጌቲቭ የሚዋሰው ከእኛ ነው። ዓይን እንደሚያጠፋ ብነግራት፣ «እስከዛሬ ምን ሆንኩ?» አለችኝ። ፀሐይዋን ትቼ ኔጌቲቮቹን ግን አወጣሁ። እናቴ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር፤ ፎቶ ቤቱ እንዳትጥሏቸው ስላለ አልጣለችም። ልጅ እያለን ኔጌቲቭ ላይ ሰው መለየት ጨዋታችን ነበር። ፀጉሩ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር የሆነ ሰው ማን እንደሆነ መገመት ቀላል አይደለም። ያንን ጨዋታ ልጫወት ብዬ ነው አንዷን ቁራጭ ወደ በሩ ብርሃን ያነሳኋት።

መጀመሪያ ያየሁት ጣቶችን ነው። በአልጋ ልብሱ ጠርዝ ላይ፣ ከሥዕሉ ዳር፣ ጨርቁን ጨብጠው የያዙ ጣቶች። ቀጣዩ ላይም አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ላይም። ግራ ገባኝ፤ ምክንያቱም እነዚያን ፎቶዎች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ አንዱም ላይ ጣት የለም። አልበሙን አምጥቼ ጎን ለጎን አስተያየሁ። የታተመው ፎቶ ከኔጌቲቩ ይጠብባል፤ ዳር ዳሩ ተቆርጧል። ለካ እኔ በካሜራዋ ቀዳዳ የማየው አንድ ነገር፣ ፊልሙ የሚቀበለው ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ደግሞ ሌላ ኖሯል! ፊልሙ ከእኔ ዓይን አስፍቶ ያያል፤ ፎቶ ቤቱ ደግሞ በወረቀቱ ልክ ይከረክማል። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ፎቶ ሳነሳ ኖሬ ይህን አለማወቄ አናደደኝ፤ ደስም አሰኘኝ።

ወዲያው ወደ ቆርቆሮው ተመለስኩ። የእናቴን ፎቶ ኔጌቲቭ ፈለግሁ። አገኘሁት። ዳሩ ላይ ከጣቶቹ ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ክብ፣ ግማሽ የሆነ ነገር።

ከሥር እንዲያበራልኝ በእናቴ ስልክ ላይ ነጭ ገጽ ከፈትኩና ኔጌቲቩን እላዩ ላይ ዘረጋሁት። በራሴ ስልክ ከላይ አነሳሁት፤ ከዚያ ቀለሙን ገለበጥኩት። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። ጣዎሶቹ መጡ። እናቴ ከነጥልፏ መጣች። ዳር ላይ ደግሞ ጨርቁን እንደጨበጠች አንገቷን ብቅ ያደረገች ልጅ መጣች። ነፋሱ ጨርቁን ገፍቶባት ይሁን ወይ እኔ ቸኩዬ፣ ሳትደበቅ ነው የተጫንኩት። ፊልሙ ፊቷን መሐል ለመሐል ቆርጦታል፤ አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍንጫ፣ ግማሽ ሳቅ። ዓይኗ ካሜራዋን አያይም። እናቴን ነው የሚያየው።

ስልኩን ይዤላት ሄድኩ። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ይኼ ግድግዳዬ ላይ ያለው ፎቶ አይደለም?»

«እሱ ነው፣ እማየ።»

«ታዲያ እስከዛሬ የት ነበረች?»

«ፎቶ ቤቱ ዳሩን ሲቆርጥ ተቆርጣ ነው።»

እህቴ ምን ብላ እንዳሳቀቻት አሁን ትዝ ይላት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ይህ ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ሲከነክነኝ የኖረ ነው። «አይ» አለች፤ «ምን እንዳለችኝ አላውቅም። ያሳቀችኝ እሷ እንደሆነች ግን ይኸው አወቅሁ።» እዚያው አለቀስን። ጎረቤታችን ፀሐይዋ መጋረዷን ልትነግረን መጥታ፣ ሁለታችንንም አይታ አጠገባችን ቁጭ አለች።

በሳምንቱ እናቴ ራሷ ደብረ ማርቆስ መጣች፤ በትልቁ እንዲታተም ፈልጋ። ፎቶ ቤቱ ፊልም ማጠብ ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን ኮምፒውተርና አንድ ቀልጣፋ ወጣት ነው ያለው። ሥዕሉን ከስልኬ ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ ከፈተው።

«እማማ፣ ግማሽ ፊቷ ቀርቷል እኮ» አላት። «ግድ የለም፤ አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላልዎታል።»

እኛ እሺም እምቢም ሳንል ጫን ጫን አደረገ። ሥዕሉ ወደ ዳር ሰፋ፤ የጎደለው ግማሽ ፊት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። ሁለት ዓይን፣ ሙሉ አፍንጫ፣ ሙሉ ሳቅ። ቆንጆ ናት። እህቴ ናት ብዬ ልምል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

እናቴ ወንበሯን ስባ ስክሪኑ ሥር ተጠጋች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይቺስ የማን ልጅ ናት?» አለች።

«የእርስዎ ናት እንጂ እማማ! አንዱን ጎን አይቶ ነው ሌላውን የሠራው።»

«አይደለችም። የእኔዋ በዚህ በኩል ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፤ ጥጃ ረግጧት። ቅንድቧ እዚያ ጋ ተከፍሎ ነው የበቀለው። ስትስቅ ደግሞ ይቺኛዋ ዓይኗ ቀድማ ትጨፈናለች። እዚህ ጋ፣ ጉንጯ ላይ፣ ትንሽ ትሰረጉዳለች፤ በዚያኛው በኩል ግን የለም፣ በዚህ በኩል ብቻ ነው።» በጣቷ ስክሪኑ ላይ እያሳየች ትናገራለች፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣላታል። እኔ ጠባሳውን ጨርሶ ረስቼው ነበር። እሷ ስትለው መጣልኝ፤ ደሙን በነጠላዋ ስትጠርግላት ሳይቀር።

ወጣቱ እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ይሰማታል።

እናቴ መዳፏን ኮምፒውተሩ በሠራው ግማሽ ፊት ላይ ጣል አደረገችው።

«ይኼን አጥፋው ልጄ» አለችው። «እንዳለች አትምልኝ። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ።»