ከጉቶው ሥር የነበረው ነጭ

ሙክታር ወሎ ሰፈር ፎቶ ቤት ነበረው። ያኔ ፎቶ አንሺ ማንሣት ብቻ አይበቃውም፤ ኔጋቲቩን መስታወት ላይ ዘርግቶ፣ ከሥር መብራት አብርቶ፣ የፊት እንከን በእርሳስና በምላጭ ጫፍ ያጠፋል። የቦሌ መንገድ ቆንጆ ነን ባዮች ግማሽ ውበታቸው የሙክታር ምላጭ ነበር። እሱም ያውቀዋል፤ ይኮራበታልም።

በቀይ ሽብሩ ሰሞን ጎረቤቱ እትዬ የሻሽወርቅ ደንበኛ እስኪወጣለት ጠብቀው ገቡ። ልጃቸው ዓለምሰገድ ከጠፋ ሰንብቷል። እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ “ክፍለ ሀገር ሄዷል” ይላሉ፤ ሰፈሩም ያመነ ይመስላል።

“ሙክታርዬ፣ ላስቸግርህ ነው። የየካን ጫካ መንገድ አንሣልኝ። ያን ወደ ላይ የሚወጣውን፣ መታጠፊያው ላይ ትልቅ ጉቶ ያለበትን።”

“ጫካ ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ?”

“ልጄ መጨረሻ የታየው እዚያ ነው አሉ። እኔ ብሄድ ይከተሉኛል፤ ሴቷ ልጄ ሙሉም አለችብኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አንተን ግን ማን ይጠረጥርሃል? መንገዱን ልየው፣ በቃ።”

ሙክታር ፈሪ ነው። ፈሪነት ያን ጊዜ ነውር አልነበረም፤ ደፋሮቹ የት እንደገቡ አይተናል። ግን ዓለምሰገድን ከክርስትናው ጀምሮ ያነሣው እሱ ነው፤ እንዴት እምቢ ይበል? ቀበሌ ሄዶ ለሊቀ መንበሩ፣ ለፎቶ ቤቱ መጋረጃ ጫካ ሊያሥል እንደሆነና መነሻ የሚሆን ፎቶ እንደሚፈልግ ነገራቸው። ሊቀ መንበሩ ሳቁ፤ “ጫካውም አብዮታዊ ይሁን!” አሉና አንድ ጠመንጃ ያዥ ጨመሩለት።

ጠዋት ነበር። ዕድሜውን በመብራት ሲያነሣ የኖረውን ሰውዬ የባሕር ዛፉ ፀሐይ ግራ አጋባችው። አትቆምለትም። ነፋስ ቅጠሉን ባወዛወዘ ቁጥር መንገዱ ላይ ትረጫለች፣ ትሰበሰባለች፣ ደግሞ ትረጫለች። ለአፍታ ፍርሃቱን ረሳው፤ እንዲህ ያለ ነገር አጠገቡ እያለ ቀለም ቅብ መጋረጃ ሲያነሣ መኖሩ አናደደው። ወደ ጉቶው ጠጋ ሊል ሲል ጠባቂው “ወዴት ነው? እዚያው ሆነህ አንሣ! አንድ ይበቃሃል!” ብሎ አምባረቀበት። ካለበት ሆኖ አንዴ ቀጭ አደረገና ተመለሱ።

ፊልሙን አጥቦ ሲያየው መንገዱ አምሮ ወጥቷል። ችግሩ ነጠብጣቡ ነው፤ ፀሐይ ያረፈችበት ሁሉ ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት መስሏል። እኚያን እናት አሰባቸው። የሚያሳርፋቸው ጥርት ያለ መንገድ ነው አለና ምላጩን አነሣ። ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ፋቃቸው። ከጉቶው ሥር የነበረችው፣ ሲታተም ነጭ የምትወጣው ሞላላ ነጥብ እምቢ ብላ ብዙ አስለፋችው፤ በመጨረሻ እሷም ለቀቀች። እንዲያ በጥንቃቄ የሠራው ሥራ አልነበረውም።

እትዬ የሻሽወርቅ ፎቶውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መንገዱን አላዩትም። ጣታቸው በቀጥታ ጉቶው ሥር ሄዶ ቆመ፤ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቁጭ አሉ።

“የለም! ሙክታርዬ፣ የለም!”

“ምኑ ነው የሌለው?”

“ጫማው! ያ ነጭ ሸራ ጫማው! አንዲት እንጨት ለቃሚ፣ እዚያ ነው የመቱት፣ አንድ ጫማው ከጉቶው ሥር ወድቋል፣ ዛሬም የሚያነሣው ጠፍቶ እዚያው ነው ብላኝ ነበር። ለማንም እንዳልናገር በልጆቿ አስምላኝ ነው ያልነገርኩህ። ይኸው፣ ዋሽታለች! ሌላ ሰው አይታ ነው! ልጄ ታስሮ ይሆናል እንጂ አልሞተም! አላህህ ውለታህን ይክፈልልኝ!”

ሙክታር “እትዬ…” ብሎ ሲጀምር እሳቸው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ሮጦ አነሣቸው። ከሄዱ በኋላ ኔጋቲቩን ለብርሃን ዘርግቶ አየው። የተፋቀ ቦታ ምንም አይናገርም። ፀሐይ ትሁን ጫማ፣ ሊመሰክር የሚችል ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም፤ እሱም አያውቅም።

ዳግም ሊያነሣ ፈቃድ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩ አሁን አልሳቁም፤ “አንተ ሰውዬ፣ ጫካው ውስጥ ምን ጣልክ?” አሉት። እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሊነግራቸው ያላሰበበት ጊዜ የለም። ግን ምን ብሎ? “ምናልባት ሞቶ ይሆናል” ይበላቸው? የሚያረዳቸው ሞት የለው፣ የሚያጽናናቸው ተስፋ የለው። እሳቸው ደግሞ ቀንቷቸዋል፤ መብላት ጀምረዋል፤ ፎቶውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። በየዓመት በዓሉ መጥተው ይመርቁታል። ሙክታር ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ እየተቀበለ ሸበተ።

ደርግ ወድቆ እስር ቤቶች የተከፈቱ ዕለት እትዬ የሻሽወርቅ አዲስ ቀሚስ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። “ካሜራህን ያዝ። ልጄ ሲወጣ ታነሣልኛለህ።”

ያን ጊዜ እንኳ መናገር ይችል ነበር። ፊልም አጉርሶ ተከተላቸው።

እስር ቤቱ በር ላይ ሕዝቡ ተጨናንቋል። የሚወጣው ሁሉ የሚያቅፈው ሰው እያገኘ ሄደ። የሚወጣው እያነሰ፣ የቆመውም እየሳሳ መጣ፤ በመጨረሻ ዘበኛው አንዱን የበር ክፋይ መለስ አደረገው። እትዬ የሻሽወርቅ ዓይናቸውን ከበሩ ሳያነሡ፣ “ብርሃኑስ? ለማንሣት ገና ይበቃሃል?” አሉት።

ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች።

“ይበቃል፣ እትዬ” አላቸውና ካሜራውን ወደ በሩ ደግኖ ቆመ።