የአባቴ አሜን

ባለፈው እሑድ ከጉና ተራራ በኩል የመጣ ዶፍ መንገድ ላይ ያዘኝና ውሃ የጠገበ ጋቢዬን እንደ ለበስሁ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። የእርጥብ ጋቢ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ሰባኪው ገና ምዕራፉን ሳይገልጥ፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ በአባቴና በጋሽ ዲንሳ እርጥብ ጋቢዎች መካከል ተወሽቄ ነበር።

ያኔ የደብረ ታቦር ሉተራኖች አንዲት ጭቃ ቤት የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ከተማው ሁሉ በታቦት የሚምል ስለሆነ ከውጭ ለሚያየን ሁላችንም «ጴንጤ» ነን፤ ማን ገዥውን ፓርቲ፣ ማን ተቃዋሚውን ይወዳል ብሎ የሚለየን አልነበረም። ውስጣችን ግን ሌላ ነው። የቅርቡ የገሳይ ተወላጅ የሆነውና በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራው አባቴ የመንግሥት ደጋፊ ሲሆን፣ ከወለጋ ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህር ጋሽ ዲንሳ ደግሞ የለየለት ተቃዋሚ ነበር። ጎረቤታሞችና የልብ ወዳጆች ናቸው፤ እኛ ድንች ስናወጣ እነሱ ቤት ይደርሳል፣ ለእነሱ ከወለጋ ማር ሲመጣ እኛ ቤት ይደርሳል። በቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ አይወራም የሚል ደንብ ስለነበረም አንድ ቀን እንኳ አላወሩም። ጸለዩት እንጂ።

እሑድ እሑድ ከስብከቱ በኋላ «ስለ አገራችን እንጸልይ» ሲባል ያሻው ሰው ተነሥቶ ጮክ ብሎ ይጸልያል፤ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ደስ ባለው ቦታ ላይ «አሜን» ይላል። አባቴ ጉሮሮውን ይጠርግና መንገዱን ያስገቡትን፣ ማዳበሪያውን በጊዜው ያደረሱትን እጆች እንዲባርክ፣ ሥልጣን ሁሉ ከእሱ እንደሆነ ለሕዝቡ እንዲገልጥ ጌታን ይለምናል፤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞቹ ከተቀመጡበት አሜኑ ይዘንባል። አባቴ በወጉ ሳይቀመጥ ጋሽ ዲንሳ ይነሣና፣ ያው ጌታ የድሃውን ጩኸት እንዲሰማ፣ በትዕቢት የተቀመጡትን ከወንበራቸው እንዲያነሣ፣ ገበሬውንም ማዳበሪያ በግድ ከመውሰድ እንዲያሳርፈው ይማጸናል፤ አሁን አሜን የሚሉት መምህራኑ ናቸው። ጌታ በዚያች ማዳበሪያ ምን ያህል እንደተቸገረ እሱ ያውቃል። እኔ ጨፍኚ የተባልሁትን ዓይኔን ከፍቼ ከንፈር ከንፈራቸውን አያለሁ፤ አባቴ ለጋሽ ዲንሳ ጸሎት፣ ጋሽ ዲንሳም ለአባቴ ጸሎት አሜን ሲሉ አንድም ቀን አልያዝኋቸውም። ለሁለቱም እኩል አሜን የምትል እናቴ ብቻ ነበረች፤ አባቴ ቢቆጣት «እኔ ምን ቸገረኝ፣ እሱ ያጣራው!» አለችው። እንዲያም ሆኖ ጸሎቱ ሲያልቅ ሁለቱ ሰዎች እየተቀላለዱ አብረው ወደ ቤት ይወርዳሉ።

የምርጫው ዓመት መጣና ሳቁ ቀነሰ። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ ጋሽ ዲንሳን ከክፍል አውጥተው ወሰዱት፤ ጠመኔው በእጁ እንደነበር ተማሪዎቹ አወሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ዓይን አባቴ ላይ አረፈ። የወረዳ ሠራተኛ ነው፣ የመንግሥት ወገን ነው፣ የሰውየውን ጸሎት እሑድ እሑድ ሲሰማ ኖሯል፤ ታዲያ ከእሱ ሌላ ማን ይጠቁም? የጋሽ ዲንሳ ባለቤት እትዬ ለሊሴ በደጃችን ስታልፍ ፊቷን አዞረች። ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ እንኳ «ኧረ ምን ሁናችሁ ነው? እናንተ ለእናንተ እንዲህ ከሆናችሁ ለኛማ እንዴት ልትሆኑ ነው!» ብለው እናቴን ገሠጿት። አባቴ እህል አልቀምስ አለ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጠርጥሬው ነበር።

እሑድ ደረሰ። «ስለ አገራችን እንጸልይ» ሲባል ማንም አልተነሣም። በኋላ አባቴ ተነሣ። እናቴ የኮቱን ጫፍ ይዛ ጎተተችው፤ ምን ሊል እንደሆነ ገብቷታል፣ የወረዳው ባልደረቦቹ ደግሞ እዚያው ተቀምጠዋል።

«ጌታ ሆይ» አለ፣ «ይህ የወንድሜ የዲንሳ ጸሎት ነው። እሱ ስለሌለ እኔ አደርሰዋለሁ።»

ከዚያም የድሃውን ጩኸት፣ በትዕቢት የተቀመጡትን፣ የማዳበሪያዋንም ነገር ሳይቀር፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል አደረሰው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ከንፈሩን ገጥሞ ሲያዳምጥ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ሲጨርስ «አሜን» አለ፣ ብቻውን። ቆየት ብሎ ከኋላ ወንበር የእትዬ ለሊሴ «አሜን» ከለቅሶ ጋር መጣ።

በዚያው ወር አባቴን ወደ እብናት አዛወሩት። ጋሽ ዲንሳም ተፈታና ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡን ይዞ ወለጋ ገባ፤ ሊሸኘው ከእብናት የመጣው አባቴ አቅፎት ካለቀሰ በኋላ ስለ ማዳበሪያ እንደተከራከሩ መኪናው ተነሣ። አባቴ እስኪሞት ድረስ እንደ እሱ የሚከራከረው ሰው አላገኘም።

ዛሬ አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወንበሩም ምቹ ነው። ስለ አገር አሁንም ይጸለያል፤ የሚነሣው ሁሉ «ሰላም ስጠን» ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ በላይ ቃል የሚጨምር የለም፣ አሜኑም ከየወንበሩ እኩል ነው። በማንም አልፈርድም፤ እኔም የምለው ያንኑ ነው፣ ስለምፈራ። ከአጠገቤ የምትቀመጠውን ሴት ከነልጆቿ በስም አውቃታለሁ፤ በልቧ ያለውን ግን አላውቅም፣ እሷም የእኔን አታውቅም። አንድ እሑድ እኔን ቢወስዱኝ ታለቅስልኝ ይሆናል። ጸሎቴን ግን ከየት አምጥታ ታደርስልኛለች?