ለመምህሩ ፎቶ ያልሰገድንበት ቀን

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ላይ ካናዳ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ካራቴ እማር ነበር። ዶጆ የምንለው የልምምድ ቤታችን የአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል። የምንማረውን የካራቴ ስልት የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ትምህርት ሲጀመርና ሲያልቅ ሁላችንም ተንበርክከን፣ ግንባራችን ወለሉን እስኪነካ ለፎቶው እንሰግዳለን።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ለሥዕል ስለ መስገድ ለኔ መስበክ ለቀባሪ ማርዳት ነው። አሰልጣኛችን፣ ወጣትነቱን ጃፓን ያሳለፈ ካናዳዊ፣ ገና የተመዘገብኩ ዕለት «እምነትሽ የማይፈቅድ ከሆነ ቀና ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ፤ እናከብራለን» ብሎኝ ነበር። እሰግዳለሁ ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የቸርቻችን ሽማግሌ ሰምተው ሲቆጡኝም፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲገቡ ብድግ ብዬ ዝቅ እል የለም? ይሄም ሪስፔክት ነው እንጂ አምልኮ አይደለም» ብዬ ተከራከርኩ። ለማላውቀው ሰው ጥብቅና ቆምኩ ማለት ነው።

የልምምድ ጓደኛዬ ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና የመጣች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሴት ነበረች። ወሬ አትወድም፤ ስትመታ ግን አጥንት ድረስ ይሰማል። አብረን ነጭ ቀበቶ አስረን ጀመርን፣ አብረን ከጥቁሩ በታች ያለው ቡናማው ላይ ደረስን። «ጥቁሩን ሳላስር አልሞትም» ትለኝ ነበር። ልጆቿን አሳድጋ ስትጨርስ ለራሷ ብላ የጀመረችው ነገር ያ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ የፎቶው ሽማግሌ የቀድሞ ተማሪ የነበሩ አዛውንት ከጃፓን ሊጎበኙን መጡ። ከአሰልጣኛችንና ከጓደኛዬ ጋር እራት ብሉር ጎዳና ላይ ያለ ያገሬ ሰው ምግብ ቤት ጋበዝኳቸው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ብዬ በእጄ አጎረስኳቸው። ደስ ሲላቸው ጨዋታ ጀመሩ፤ አሰልጣኛችን ይተረጉማል። መምህራቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጓደኛዬ አገር፣ ማንቹሪያ ውስጥ ለጃፓን ወታደራዊ ፖሊሶች በባዶ እጅ መግደልን ያስተምሩ እንደነበር ነገሩን። «የኛ ጥበብ የመድረክ ጭፈራ አይደለም፤ እስረኞች ላይ ተሞክሯል» አሉ፣ በኩራት። አሰልጣኛችን የተናገረውን የሰማው ተርጉሞ ከጨረሰ በኋላ መሰለኝ፤ ፊቱ ደም መሰለ።

ጓደኛዬ እጇን ከትሪው ላይ አነሳች። የአያቷን ወንድም እዚያው ማንቹሪያ ወታደራዊ ፖሊሶች ወስደውት አልተመለሰም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የወጋው ወገንም አልረሳም፤ እንጀራዬን እየበላ ይፎክር ነበር። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ሰውየውን አንቱ ማለት አቃተኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያጎረስኩበትን እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ።

በሳምንቱ ጓደኛዬ አሰልጣኛችንን አነጋገረችው፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነው። ፎቶው ከፊት ተነስቶ የጎን ግድግዳ ላይ ይሰቀል አለች። «ፊት ለፊቴ ባዶ ግድግዳ ከሆነ እሰግዳለሁ።»

እሱም የሚለው ነበረው፤ አልክድም። «ያ ሰው አርጅቷል፣ ማጋነን ይወዳል። ሌሎቹ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ይላሉ። እኔ መምህሬ ቤት ኖሬያለሁ፤ ስታመም ሩዝ ቀቅለው ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ሰላምን ነው» አለ።

«ስለ ጦርነቱስ ምን ነገሩህ?» አለችው።

«አልጠየቅኳቸውም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ በእምነትሽ ምክንያት ባትሰግጂ ይገባኛል፤ መብትሽ ነው። የእሷ ግን ፖለቲካ ነው። ዶጆ ውስጥ ፖለቲካ አናስገባም።»

«የሞተ ዘመድ ፖለቲካ ነው?» አለች። ፎቶው ከቦታው አልተነሳም። እኔ በንዴት ጨስኩ። እዚህ አገር «እግዚአብሔር ከለከለኝ» ካልሽ በሩ ሁሉ ይከፈትልሻል፤ «ዘመዴን ገደሉብኝ» ካልሽ ግን ማስረጃሽን አምጪ ትባያለሽ።

የጥቁር ቀበቶው ፈተና ደረሰ። ሁለታችንም ቀረብን። እሷ ከእኔ በጣም በልጣ ሠራች፤ ይህን ያላየ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ «ለመምህራችን» የሚለው ትእዛዝ ሲሰማ ክፍሉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተደፋ። እኔና እሷ ጎን ለጎን ተንበርክከን ቀና እንዳልን ቀረን። መኪና ውስጥ ተነጋግረን ነው የመጣነው። «አንቺ ካልሰገድሽ እኔም አልሰግድም» ብያታለሁ።

አሰልጣኛችን መጀመሪያ ወደ እሷ ሄደ። «ሥርዓቱን ያላሟላ አያልፍም» አላት፣ በለሆሳስ፣ እያዘነ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣና ጥቁሩን ቀበቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። ወደ ተሰብሳቢው ዞሮም «እዚህ ቤት የሁሉም ሰው እምነት ይከበራል» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ጓደኛዬም አጨበጨበችልኝ፤ አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው።

«የእምነት ጉዳይ አይደለም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ያልሰገድኩት እሷ ባልሰገደችበት ምክንያት ነው።» ቀበቶውን ፈትቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩት።

ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ በጥንቃቄ አጠፈው። ከዚያ በዚያ ደግ ድምፁ፣ «ቸርችሽ ቀበቶውንም ይከለክላል እንዴ?» አለኝ።