በመዝገቡ ሰባት ዓመቷ ነው

ደብረወርቅ ታናሽ እህቴ ናት። እኔ እማዋይሽ ነኝ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት። ስለ እሷ ደግ ደጉን ብቻ መስማት የሚፈልግ ካለ ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ የእሷ ታሪክ ሲነገር የእኔ ጉድ አብሮ ይወጣል።

ነገሩ የመጣው ከመሬት ነው። መሬት ለአራሹ በታወጀ በዓመቱ፣ በስድሳ ስምንት፣ የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ ገመድ ይዞ ከቁሐር ሚካኤል ማዶ ወዳለው ሜዳችን ወረደ። ድርሻ የሚሰጠው በቤተሰብ ቁጥር ነው ተባለ። ልጅ ላለው ሰፋ ያለ፣ ለሌለው ጠበብ ያለ። ኧረ ያን ጊዜ ያልተዋዋሰ ሰው የለም! አንዱ የሞተች አያቱን ከመቃብር ጠርቶ አስመዘገበ፤ ሌላው የጎረቤቱን ልጆች ሰብስቦ በምድጃው ዙሪያ ደረደረ። ኮሚቴው ከጎጥ ወደ ጎጥ ሲዞር ልጆቹም ቀድመውት ይዞሩ ነበር። እየሳቅን ነው ያደረግነው።

ደብረወርቅ አዛናውን ካገባች ዓመት አልሞላትም፤ ገና አልወለደችም። አዛናው በማለዳ እቤቴ መጣና «እታለም፣ ትንሿን ልጅሽን ለዛሬ አውሽኝ» አለኝ። የሁለት ዓመት ልጄን ከእጄ ተቀብሎ ታቅፏት ሄደ። ልጄ በእኔም ቤት ተቆጥራለች፣ በእነሱም ቤት ተቆጠረች። ጸሐፊው ስሟን ሲጠይቅ «ጸሐይነሽ» አሉት፤ ሴት ብንወልድ ብለው ያሰቡት ስም ነበር። እነሱ አንድ ጥማድ መሬት ጨመሩ፣ እኔም ድርሻዬን ያዝሁ።

እውነተኛዋ ጸሐይነሽ የተወለደችው በስድሳ ዘጠኝ፣ በኅዳር፣ የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሸሽቶ ጓያ ሲዘራ ነው። እትብቷን የቆረጥሁት እኔ፣ በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋት ቄስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በመዝገቡ ላይ ግን ልጅቷ አፍ ፈትታ፣ እግር አውጥታ ትሮጥ ነበር። ማን ያርመው? ለማረም መሬት መመለስ ያሻል።

ከዚያ በኋላ ደብረወርቅ አልደገመችም። አዛናው ወንድ ልጅ አማረው። መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ ሌላ ሴት ለመደ፣ በሰባ ሦስት «እንፋታ» አለ። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር አያልነህም መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ከብቱና ዕቃው ያለ ጭቅጭቅ ተካፈለ። እሷ ለላሙም ለጋኑም ግድ አልነበራትም፤ «ልጄን ብቻ ስጡኝ» ነው ያለችው።

አያልነህ ሕግ አውቃለሁ ባይ ናቸው። «ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእናቱ አይለይም፤ ከአምስት በላይ ከሆነ የአባት ነው» አሉ። ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነዋ! ደብረወርቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ፈገግ ስትል አይቻታለሁ።

አዛናው ተነሣና «መዝገብ ይታይልኝ» አለ።

አቤት ዓይን አውጣ! ልጄን በገዛ እጁ ተቀብሎ የወሰደ ሰው! መዝገቡ ተገለጠ። ጸሐይነሽ አዛናው፣ በስድሳ ስምንት ሁለት ዓመት። እንግዲያስ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው ተባለ። ልጅቷ እዚያው ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ አፈር ትጫወታለች፤ ዕውር እንኳ ዳስሶ ሰባት አይላትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ደብረወርቅ «አባ፣ እርስዎ አይደሉም ያጠመቋት?» ስትላቸው፣ ቄስ ወልደ ሥላሴ «ልጄ፣ ስንቱን አጥምቄ ዓመቱን በምን ልያዘው» አሉ። የእሳቸውም ቤት አንድ የተዋሱት ልጅ እዚያው መዝገብ ላይ ነበር። የአንዱ ስም ከተፋቀ የሁሉም ሊፋቅ ነው፤ አዛናው ይኸን አስልቶ ነው የመጣው።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። «እታለም፣ እትብቷን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ። ንገሪያቸው እንጂ።»

ባሌ ከጎኔ ጉሮሮውን ጠረገ። አራቱ ልጆቼ ታዩኝ፤ ልጄን በሁለት ቤት ማስቆጠሬ ቢወጣ የምትነጠቀው፣ ውሃው ዳር ያለችው ማሳዬ ታየችኝ። «ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ መዝገቡ ልክ ነው» አልሁ። አንደበቴን ይቁረጠው! እሷ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም፤ ጎንበስ ብላ የልጅቷን እጅ ከአፈር አራገፈች። አዛናው ልጅቷን ሲያነሣት ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር።

ደብረወርቅ ወረታ ከተማ ገባች። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ጥግ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቆሎ እየቆላች ለመንገደኛ ትሸጥ ጀመር። አንድ መደብ፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ በርጩማ። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጥበት እንኳ አልነበራትም፤ ማን ይመጣባታል? አዛናው ደግሞ የፈለገው የልጅቷን የመሬት ድርሻ እንጂ ልጅቷን አልነበረምና፣ ሐሙሲት ለምትኖር እናቱ ሰጣት። እህቴ ሁለት ጊዜ እዚያ ሄዳ ሁለቴም ውሻ ተለቀቀባት። ልጅቷን «እናትሽ ሞታለች» አሏት አሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በክረምት፣ ሜዳውን የሞላውን ውሃ እስከ ወገቧ እየገባች እቤቴ ድረስ መጣች። ወረታ ማመልከቻ የሚጽፉ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ ሰው ሕጉን አንብበውላት ኖሯል። ቀሚሷ እንደራሰ፣ ሳትቀመጥ ነው የነገረችኝ።

«እታለም፣ ከአምስት በላይ የአባት ነው የሚል ሕግ የለም አሉኝ። ለልጅቷ የሚበጃት ነው የሚታየው አሉኝ። አያልነህም ሳያውቁ ነው፣ እኛም ሳናውቅ ነው። አውራጃ ፍርድ ቤት አመለክታለሁ። ሽማግሌዎቹ በሐሰት ዕድሜ መፍረዳቸው እንዲታይ፣ አንቺ የተወለደችበትን ዘመንና ወር ብቻ ተናገሪልኝ።»

«ምርቱ ይግባና» አልኋት።

ምርቱ ገባ። የሚቀጥለውም ዓመት ገባ። እሷ ተመልሳ አልመጣችም፣ እኔም በገበያ ቀን በዚያ ጥግ ላለማለፍ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ ብል ውሸቴን ነው፤ እተኛ ነበር። ቀን ነው የሚያሳቅቀኝ፤ ከሰው መሀል ሆኜ ብቻዬን ነኝ።

በሰባ ስምንት የአምራቾች ማኅበር ተቋቋመና ውሃው ዳር ያለው ማሳ ሁሉ ለማኅበሩ ይሁን ተባለ። በአንድ ጥዋት! ስንት ልጅ አለሽ ያለኝ የለም፣ መዝገብ የገለጠም የለም። ለእኔ በተለዋጭ ከዳገቱ ሥር ድንጋያማውን ሰጡኝ። እህቴን የካድሁባት መሬት እንዲህ ሆኖ ቀረ። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ወረታ ሄድሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ እውነቱን ነው።

ከሰፌዷ ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሸብታለች። ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል «ተይ፣ ታላቄ ነሽ» ብላ ያዘችኝ፤ ከዚያም ያችን በርጩማዋን ለቀቀችልኝና እሷ መሬት ተቀመጠች።

«ፍርድ ቤት እንሂድ» አልኋት። «ሁሉንም እናገራለሁ። መሬቱንም፣ ውሰቱንም፣ በሐሰት መማሌንም።»

ቆሎዋን ማበጠር አላቆመችም። «ባለፈው ገበያ መጣች» አለች።

«ማን?»

«ጸሐይነሽ። ከአያቷ ቀድማ እየሮጠች መጣችና ቆሎ ገዛችኝ። የእናታችንን ግንባር ይዛለች፤ ገና ከሩቅ ነው ያወቅኋት። ስምሽ ማነው አልኋት፣ ነገረችኝ። እናትሽስ አልኋት፣ ሞታለች አለችኝ።»

«አንቺ ሆዬ! ታዲያ እናትሽ እኔ ነኝ አትያትም ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም።

«እኔ ነኝ ብዬ» አለች፣ «በማን ላስመስክር?»