ኤሌክትሪክ የጠጣችው እናቴ

በጃንሆይ ዘመን፣ መርካቶ ከሲኒማ ራስ ጀርባ በኪራይ ስንኖር የደረሰብኝ ነው። ያኔ ገና አላገባሁም ነበር። ዘመኑ ቢርቅም ያቺ ከሰዓት በኋላ ከሐሳቤ አልወጣችም፤ እናቴ ከፊቴ ተቀምጣ እያለች አጠገቧ እንዳልደርስ የተከለከልኩባት ቀን ናት።

ክረምት ነበር። የሰፈሩ ቦኖ ተበላሽቶ ውሃ የለም፤ የግቢያችን ጉድጓድ ደግሞ ጎርፍ ገብቶበት ሸተተ። ሆዱን ያልታመመ ሰው አልነበረም። ጋራዥ የሚሠራው ጎረቤታችን ጋሼ መርጊያ “እኔ አጠራዋለሁ” ብሎ ተነሣ። ፈረንጅ አለቃው ያሳየው ዘዴ ነው አለን። ከምን አለሽ ተራ ያመጣውን አሮጌ የመኪና ኮይልና ሞተር የሚያስነሣውን ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዞ ጣ! ጣ! ጣ! ያስብለዋል፤ በብልጭታው መሐል ያለፈውን አየር በጎማ መንፊያ ወደ ውሃው ይነፋዋል። መብረቅ ሲወድቅ የሚሸት ዓይነት ሽታ ግቢውን ሞላው።

“ብልጭታው በሽታውን ይገድለዋል” አለን። ያጠራውን ውሃ እንስራ ውስጥ አድርጎ በነጭ ጨርቅ ሸፈነው፤ ያልጠራው በርሜል ውስጥ ቀረ። ባትሪው ስለደከመበት ሊያስሞላ ይዞት ወጣ።

በዚህ መሐል እማዬ ከገበያ መጣች። ውሃ ጥም አቃጥሏት ኖሮ ማንንም ሳትጠይቅ ቀድታ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

ያየቻት ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ጩኸቷን አቀለጠችው። “ኧረ ኡኡ! እትዬ ዘነበች ኤሌክትሪክ ጠጣች!”

ሮጬ ላቅፋት ስል ጨርቅ ነጋዴው ሸምሱ አፈፍ አድርጎ ያዘኝ። “አትንኪያት! የተያዘን ሰው የነካ አብሮ ነው የሚቀረው” አለኝ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ እንደማይነኩ ሁላችንም ሰምተናል፤ ማን ይከራከረዋል? ሸምሱ ከሱቁ ደረቅ ጣውላ አምጥቶ በመጥረጊያ እንጨት ገፋ አደረገላት፤ እማዬ እላዩ ላይ ተቀመጠች።

“ሆዴን እየነዘረኝ ነው” አለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ። ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ተንሰፈሰፍኩ።

የነፍስ አባቷ ተጠሩ። አባ መጥተው ሊያሳልሟት መስቀላቸውን ሲዘረጉ ግቢው በሙሉ “አባ! ብረት ነው! ብረት ነው!” ብሎ ጮኸ። አባ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። የእንጨት መስቀል የሚያመጣ ሰው ተላከ።

የተላከው ሳይመለስ ጋሼ መርጊያ ደረሰ። ያረጋጋናል ብለን ስንጠብቅ እሱም ክው አለ። “ከየትኛው ነው የጠጡት፣ እትዬ? ከበርሜሉ ነው ከእንስራው?”

“ነጭ ጨርቅ ካለበት” አለች እማዬ በቀጭን ድምፅ።

“እሰይ! ተመስገን!” አለና ግንባሩን ጠረገ። “ኤሌክትሪክ ውሃ ውስጥ አይቀመጥም። እኔ የፈራሁት ያልጠራውን ጠጥተው እንዳይሆን ነው።” ከእንስራው ቀድቶ ራሱም ጠጣ፤ ከዚያ እጇን ይዞ ከጣውላው ላይ አስነሣት። ምንም አልሆነም።

ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይያዘኝ! አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እማዬ ግን ነፍሷ መለስ እንዳለላት ጎረቤቶቿን ዞር ብላ ገላመጠች። “እናንተ ጉደኞች፣ በቁሜ በመጥረጊያ ልታወጡኝ ነበር እኮ!”

ሆዷን እንኳ ሳይቆርጣት ብዙ ዘመን ኖረች። ዛሬ ነገሩን ለልጆቼ ሳወራ እየሳቅሁ ነው። ያን ዕለት ሳቅፋት ገላዋ እንደወትሮው ሙቅ መሆኑን ሳስታውስ ግን እስከ አሁን እፎይ እላለሁ።