ኒም የሚቀምሱት ሽማግሌ

ያኔ ቆቦ ሳስተምር፣ የተከራየሁትን የጭቃ ቤት ምስጥ ሲያጋምሰው፣ አከራዬ ጌጥነሽ ከሮቢት አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። በዚያ ሐሩር ወፍራም ኮት ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩና፣ «ምሳ ላይ ናቸው» አሉን፤ ምስጦቹ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ።

መራራውን የኒም ቅጠል ወቅጠው በባልዲ ከዘፈዘፉት በኋላ ጣታቸውን ነክረው ላሱ።

«እስቲ ቅመሽው፣ ጌጤ።»

«እኔ ምስጥ ነኝ እንዴ፣ አያ?»

«ባለቤቱ ያልቀመሰውን አልቀባም።»

ቀመሰች። «እመቤቴ!» ብላ ወደ እንስራው ሮጠች።

«ደርሷል» አሉ ሽማግሌው፤ በውሃው ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን መምረግ ጀመሩ።

ጥጉ ጋ ሲደርሱ መሬት ላይ ያስቀመጥኩትን የመጻሕፍት ካርቶን አዩና እባብ እንዳየ ሰው ጮኹ። «መምህር! ወረቀት መሬት ላይ ይቀመጣል?» ብለው ራሳቸው አንስተው አልጋዬ ላይ ጫኑት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮታቸውን ፈቱ። ከውስጥ ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጡ። ከወገብ በላይ በምስጥ ተበልቷል፤ የቀረው የወታደር ሱሪና የተወለወለ ጫማ ብቻ ነው።

«ልጄ ነው» አሉ። «ከዘመቻ የላከልኝ ይቺን ብቻ ነው፤ እሱም አልተመለሰ። ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ፊቱን በሉብኝ። የተረፈውን በኒም አሸሁት፤ ከዚያ ወዲህ ዝር አላሉም።»

ፎቶውን መልሰው ጠቀለሉ።

«ችግሩ፣ ጫማውን ስስመው ይመረኛል።»